ገንዘቡ ለንጉሡ፣ ሰውየው ለችሎቱ

የሚጠላችሁ መንግሥት «አበድሩኝ» ቢላችሁ ታበድሩታላችሁ? ብዙ ሰው «እንዴት ተደርጎ!» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መቼም በወሬ ደረጃ ሁላችንም ጀግኖች ነን። እስቲ ጥያቄውን ትንሽ ላክብደው። መንግሥቱ ቢጠላችሁም አገሩ አገራችሁ ነው፤ አባትና አያታችሁ የተቀበሩበት ነው። ጠላት መጥቶበታል። ደግሞ ብታበድሩት ምናልባት ይተዋችኋል፤ ባታበድሩት ግን በእርግጥ አይተዋችሁም። አሁንስ?

ይህን ፈተና የተፈተነ ሰው አለ። ዱዋርቴ ዳ ሲልቫ ይባላል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የሊዝበን ከተማ ነጋዴና አበዳሪ ነበር። ከብራዚል እስከ ሰሜን አውሮፓ ይነግዳል፤ ፊርማው በብዙ ከተሞች ገንዘብ ያስከፍላል። በሊዝበን ሰው ዘንድ ግን ከሀብቱ በፊት የሚነሳው ሌላ ነገር ነበር። «አዲስ ክርስቲያን» ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

አዲስ ክርስቲያን ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1496 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል የስፔን ነገሥታትን ልጅ ለማግባት ፈለገ። ስፔኖች አይሁዶቻቸውን ያባረሩት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ «አንተም ካላባረርህ» አሉት። ማኑኤል በዓመቱ መጨረሻ የማባረሪያውን አዋጅ አወጣ። ወዲያው ግን ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ሐኪሙ፣ አንጥረኛው፣ ነጋዴው፣ ግብር ከፋዩ ሊሄድበት ነው። ስለዚህ በ1497 ከመሄድም ከለከላቸው፤ በግድም አስጠመቃቸው። በፋሲካ ሰሞን ልጆቻቸውን ከእቅፋቸው እያስነጠቀ አስጠመቀ፤ ወላጆቹም ልጆቻቸውን ተከትለው እንዲገቡ። ሃይማኖታቸውን አልፈለገውም፤ እነሱን ግን አጥብቆ ፈልጓቸዋል። ይህች ነገር ወደ ፊት ታስፈልገናለችና ያዙልኝ።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» ስናነብ ተማሪዎቼ የሚከራከሩት ሁልጊዜ ስለዚያች አንድ ፓውንድ ሥጋ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ነው። አበዳሪው ሻይሎክ በችሎቱ ሲረታ ክርስቲያን እንዲሆን ይፈረድበታል፤ ያውም እንደ ምሕረት ተቆጥሮለት። «አሞኛል» ብሎ ይወጣል፤ ዳግመኛ አናየውም። ተውኔቱ በጨረቃ ብርሃን፣ በሙዚቃና በሙሽሮች ጨዋታ ያልቃል። ሻይሎክ በማግስቱ ጠዋት ምን ሆነ? ጎረቤቱ ምን ብሎ ሰላም አለው? የዘር ማንዘሩስ ነገር? ሼክስፒር ይህን አይነግረንም። ሊነግረንም አይችልም ነበር፤ ተውኔቱን ሲጽፍ አይሁዶች ከእንግሊዝ ከተባረሩ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። የፖርቱጋል ታሪክ የሚጀምረው ግን የሼክስፒር መጋረጃ ከተዘጋበት ነው፤ ከጥምቀቱ ማግስት።

የተጠመቁት አዲስ ክርስቲያኖች ተባሉ። ስፔኖች «ኮንቬርሶ» ይሏቸዋል። ልጆቻቸውም አዲስ ተባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም አዲስ። ዳ ሲልቫ የተወለደው ከዚያ ጥምቀት መቶ ዓመት ግድም ቆይቶ ነው፤ እሱም «አዲስ» ነው። መቶ ዓመት የማያረጅ ጨርቅ ቢገኝ መርካቶ በአንድ ቀን ተሸጦ ያልቅ ነበር።

በ1536 ደግሞ የሃይማኖት መርማሪው ችሎት፣ ኢንኩዊዚሽን የሚሉት፣ በፖርቱጋል ተቋቋመ። ሥራው «በአፋቸው ክርስቲያን፣ በልባቸው አይሁድ ናቸው» የሚባሉትን ማደን ነው። ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት አይነገረውም። ጥፋቱንም አስቀድሞ አይሰማም፤ «አንተው ተናገር» ይባላል። በተያዘ ዕለት ንብረቱ ይታሸጋል፤ ሲፈረድበት ይወረሳል። ነጋዴ ሲሆን ደግሞ የደንበኞቹ ዕቃ፣ ለባዕድ አገር ሰው የሚከፈለው የሐዋላ ወረቀት፣ ሁሉም አብሮ ይቆለፋል። አንድ ሰው ሲያዝ አምስት ከተማ ውስጥ ያሉ ሰዎች እንቅልፍ ያጣሉ። ዳ ሲልቫ በልቡ የትኛውን አምላክ ይጠራ ነበር? ይህ የእኔም የእናንተም ጉዳይ አይደለም። የመርማሪዎቹም ሊሆን ባልተገባው ነበር።

እንግዲህ ወደ ብድሩ። በ1640 ዲሴምበር 1 ቀን ፖርቱጋሎች ስድሳ ዓመት የገዛቸውን የስፔን ዘውድ አሽቀንጥረው ከራሳቸው መሳፍንት አንዱን አነገሡ። ዡዋው አራተኛ ይባላል፤ በእኛ አጠራር ዮሐንስ አራተኛ መሆኑ ነው። (አንባቢ መተማ እንዳይደርስብኝ ዡዋው እያልኩ እቀጥላለሁ።) ዡዋው በአንድ ወገን ስፔን አለበት፤ በሌላ ወገን የሰሜን ብራዚልን የሸንኮራ አገዳ ምድር የነጠቀው ሆላንድ አለበት። ሮም ስፔንን ፈርታ ንግሥናውን አላወቀችለትም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው።

በ1647 ሆላንዶች የብራዚልን ዋና ከተማ ባሕያን ከደጇ ካለች ደሴት ላይ ሆነው አነቋት። መርከቦች ለመላክ ሦስት መቶ ሺህ ክሩዛዶ ያስፈልጋል። የንጉሡ አማካሪዎች ይህን ያህል ገንዘብ ከየትም አይገኝም አሉ። የንጉሡ ሰባኪ አንቶኒዮ ቪየራ ይህን ሰማ። ቪየራ ኢየሱሳዊ ነው፤ አፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ከአገራችን ያባረሯቸው ሚስዮናውያን የነበሩበት ማኅበር ሰው። የተጣፈ ቀሚሱን እንደለበሰ ወደ ዳ ሲልቫና ወደ አንድ ሌላ ነጋዴ ሄደ። ብድሩ በስኳር ላይ ከሚጣል ግብር እንዲመለስ ተነጋግሮ፣ ሳይውል ሳያድር ሦስት መቶ ሺውን አገኘ። አማካሪዎቹ በካባቸው ያላገኙትን እሱ በጥፍጥፉ ቀሚስ አመጣው። ይህን ያወራልን ራሱ ቪየራ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሰማንያውን ካለፈ ወዲያ በጻፈው ደብዳቤ። የሽማግሌ ጨዋታ ሲቆይ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፤ ለቀሚሱ አንድ ሁለት ጥፍ ጨምሮለት ይሆናል። መርከቦቹ ግን በዚያው ዓመት ወደ ብራዚል ሄደዋል።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኢንኩዊዚሽን ዱዋርቴ ዳ ሲልቫን ያዘው።

በዚሁ በዲሴምበር ወር፣ በ15ኛው ቀን፣ ሊዝበን ላይ ይስሐቅ ደ ካስትሮ የሚባል ወጣት በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። በሆላንዶቹ ብራዚል በግልጽ አይሁድ ሆኖ ኖሮ፣ ወደ ፖርቱጋሎቹ ባሕያ ሲሻገር የተያዘ ልጅ ነው። ዳ ሲልቫ የገባበት ቤት መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚነግረው አያስፈልግም ነበር።

ንጉሡስ? ንጉሡ አበዳሪውን ማስፈታት አልቻለም፤ ወይም ለመቻል አልደፈረም። ዳ ሲልቫ እስር ቤት እንዳለ ግን፣ በ1649 ፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ አንድ አዋጅ ፈረመ። አዋጁ የቪየራ እጅ አለበት። አዲስ ክርስቲያኖቹ ገንዘብ አዋጥተው የብራዚል ንግድ ኩባንያ ያቋቁማሉ፤ ኩባንያው 36 የጦር መርከቦች አሰናድቶ የስኳር መርከቦችን ያጅባል፤ በምትኩ ወይን፣ ዱቄት፣ የወይራ ዘይትና የደረቀ ዓሣ ለብራዚል መሸጥ የእሱ ብቻ መብት ይሆናል። እስከዚህ ንግድ ነው፤ ማንም ነጋዴ ይገባዋል። ፍሬ ነገሩ ከዚህ ይቀጥላል። ከእንግዲህ ኢንኩዊዚሽን የሚይዛቸውም ሆነ የሚፈርድባቸው አዲስ ክርስቲያኖች ንብረታቸው አይወረስም።

ረጋ ብለን እናንብበው። «አይያዙም» አይልም። «የመሰከረባቸው ሰው ይነገራቸው» አይልም። «አይቃጠሉም» አይልም። ንብረታቸው አይወረስም ነው የሚለው። ሰውየው ሊቃጠል ይችላል፤ ክሩዛዶው ግን ከእሳቱ ተርፏል። መንግሥት ሰውን በምን ሚዛን እንደሚመዝን እንዲህ በግልጽ፣ ያለ ኀፍረት፣ በፊርማና በማኅተም የተናገረበት ሰነድ ብዙ አላጋጠመኝም። ሌሎች መንግሥታት ይህንኑ ሲያደርጉ ቢያንስ በቃላት ያድበሰብሱታል።

ቪየራን ልወቅሰው አልፈልግም። ገና በ1643 ለንጉሡ ባቀረበው ጽሑፍ በየአገሩ የተበተኑትን የፖርቱጋል አይሁድ ነጋዴዎች መልሰህ አምጣ ብሎ ተከራክሯል፤ ያን ማለት በዚያ ዘመን ራስን ለጅብ መስጠት ነበር። የክርክሩ ምሰሶ ግን «ይጠቅሙናል» የሚል ነው። ገንዘባቸው ጠላትን ከሚያበለጽግ እኛን ያበልጽግ። ይህ ክርክር ያስፈራኛል። ዛሬም ስንቱን ሰው በዚህ ነው የምንከላከለው፤ «ተዉት ባካችሁ፣ ይጠቅመናል» እያልን። ቅን ልብ ነው የሚናገረው፤ አድማጩም ይስማማል። ግን ጠበቃው ሳያስበው ከከሳሹ ጋር በአንድ ነገር ተስማምቷል፤ ይህ ሰው እዚህ ለመኖር ምክንያት ማቅረብ አለበት በሚለው። ሌላው ሰው ለመኖር ምክንያት አይጠየቅም። ተወልዷልና ይኖራል። በጥቅም የተከራከራችሁለት ሰው ጥቅሙ ያለቀ ዕለት በምን ልትከራከሩለት ነው?

አሁን አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመርማሪው ይልቅ ንጉሡ ነው የሚከብደኝ። መርማሪው ጨካኝ ነው፤ ለሥራው ቃል የለኝም። ሆኖም ዳ ሲልቫን ነፍስ እንዳለው ሰው ያየዋል፤ የሚያሠቃየውም ነፍሱን ላድን ብሎ ነው፤ ቢያንስ እንዲህ ይላል። ለንጉሡ ግን የዳ ሲልቫ ነፍስ ወደ ሰማይ ትውጣ ወደ ሲኦል ትውረድ የሚገደው አይመስልም፤ ኪሱን ነው የሚያየው። እርግጥ መርማሪዎቹ በአዋጁ ላይ ወደ ሮም ጮኸዋል፤ በ1650 ጳጳሱም አዋጁን የሚቃወም ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። «ሥራችን ነፍስ ማዳን ነው» ሲሉ የኖሩ ሰዎች ስለ ውርስ ይህን ያህል መጮኻቸው ትንሽ ያሳማል። ይህ ንጽጽሬን ያጠበዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ለንጉሡም ጠበቃ አይጠፋም። «ምን ያድርግ? ዙፋኑ ገና አልጸናም፤ ካህናቱን ቢያስቀይም ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ ስፔን ትመለሳለች፤ ስፔን ደግሞ ለአዲስ ክርስቲያኖች አትሻልም» ይባላል። እውነት ነው። ግን አቅም ማጣት የሚያመካኘው አንድን ነገር ነው፤ አለማዳንን። መበደርን አያመካኝም። ላድነው እንደማልችል እያወቅሁ ከሰው ገንዘብ ስቀበል፣ ያ ሰው በልቡ «ይህ ሰው ከኋላዬ ይቆማል» እያለ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ያልሸጥሁለትን ጥላ ነው ያስከፈልሁት።

አበዳሪዎቹስ ንጹሕ ናቸው? ገንዘብ ከእጅ ከወጣ በኋላ የጌታውን ልብ አይጠይቅም። የኩባንያው መርከቦች በ1653 መጨረሻ ሬሲፌን በባሕር ከበቡ፤ በ1654 ጃንዋሪ የሆላንዶቹ ከተማ እጁን ሰጠ። በዚያች ከተማ አይሁዶች በግልጽ ይጸልዩ ነበር፤ ምኩራብም ነበራቸው። ሦስት ወር ተሰጣቸውና ወጡ። ሃያ ሦስቱ ከብዙ እንግልት በኋላ ዛሬ ኒው ዮርክ የምንላት መንደር ደረሱ። እንግዲህ በግድ የተጠመቁት ሰዎች የልጅ ልጆች ያዋጡት ገንዘብ፣ ያልተጠመቁትን ዘመዶቻቸውን አፈናቀለ። «ባለ አክሲዮኖቹ ይህን ማሰብ ነበረባቸው» ማለት ይቻላል። ከነሱ መሐል ወንድሙ ወይም እናቱ ሊዝበን እስር ቤት ያለች ስንት እንደነበር ሳስብ ግን ጣቴን ለመቀሰር እጄ አይነሣልኝም።

ዳ ሲልቫ አምስት ዓመት ያህል ታስሮ በ1652 ዲሴምበር 1 ቀን በአውቶ ዳ ፌ ላይ ቆሞ ንስሐ እንዲገባ ተፈርዶበት ወጣ። አውቶ ዳ ፌ ማለት ቃል በቃል «የእምነት ሥራ» ነው፤ ፍርዱ በሕዝብ ፊት የሚነበብበት ትልቅ ሥነ ሥርዓት። በዚያው ዕለት ማኑኤል ፈርናንዴስ ቪላ ሪያል ተገደለ። ይህ ሰው በፓሪስ የፖርቱጋል ቆንስል ነበር፤ ለአዲሱ ንጉሥ በብዕሩ የተሟገተ፣ እሱም አዲስ ክርስቲያን። ቀኑን አያችሁት? ዲሴምበር 1። ዡዋው የነገሠበት አሥራ ሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ ነው።

ንጉሡ በ1656 ሞተ። በዓመቱ ንግሥቲቱ ሉዊዛ፣ የልጇ ሞግዚት ሆና አገር ስታስተዳድር፣ የ1649ኙን አዋጅ ሻረችው። ክሩዛዶዎቹም ወደ እሳቱ ተመለሱ። አምስት ዓመት አልፎ ግን ይህችው ንግሥት ዱዋርቴ ዳ ሲልቫን ፈለገችው። ልጇ ካትሪና የእንግሊዙን ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛን ልታገባ ነው። ፖርቱጋል ከስፔን ጋር የያዘችው ጦርነት አላለቀም፤ የእንግሊዝ መርከብና ወታደር ያስፈልጋታል። ቻርልስ ደግሞ አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ አንገቱን የተቀላ፣ ራሱ በስደት የከረመና በ1660 የተመለሰ ንጉሥ ነው። ፓርላማው በዓመት 1,200,000 ፓውንድ እንዲገባለት ወስኖለታል፤ የሚገባው ግን ከዚያ ያንሳል፤ ዕዳው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሙሽራዋ ይበልጥ ጥሎሿ ይጠበቃል። (እኛ አገር ጥሎሽ የሚመጣው ከወንዱ ወገን ነው፤ እዚያ የሚከፍለው የሴቷ ቤት ነው።) የጥሎሹ ልክ ሁለት ሚሊዮን ክሩዛዶ ነው፤ በዚያ ላይ ታንጅርና ቦምባይ ተጨምረዋል።

መርከቦቹ በ1662 ሙሽራዋን ሊወስዱ ሊዝበን ሲደርሱ በጥሬ ገንዘብ የሚሆን የለም። ስኳር ተጫነ፤ ቅመም ተጫነ፤ የሐዋላ ወረቀት ተጻፈ። ይህን ሁሉ ሸጦ፣ ወረቀቱን በለንደንና በአምስተርዳም አስመንዝሮ፣ ለእንግሊዝ ዘውድ ገንዘብ የሚያደርገው ሰው ማን ይሁን? ያ አደባባይ ያቆሙት ሽማግሌ። እሱም ከሙሽራዋ ጋር ሄደ። ለእንዲህ ያለ ሰው ከሊዝበን የሚያወጣ መርከብ ራሱ ደመወዝ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሼክስፒር የሌለ አይሁድ የጻፈባት ለንደን በዚያን ጊዜ ተለውጣለች። ከ1656 ወዲህ አይሁዶች ሳይደበቁ መኖር ጀምረዋል፤ ክሪቸርች ሌን በምትባል መንገድ ላይ ምኩራብ አላቸው። ቻርልስ ራሱ በ1664 ጥበቃ እንደሚያደርግላቸው በጽሑፍ አረጋግጦላቸዋል። ለዚህስ አይታማም። የዳ ሲልቫ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ስኳር ገበያ ይጠብቃል፤ ሐዋላ ቀን ይጠብቃል፤ ንጉሡ ግን አይጠብቅም። ክፍያው ዘገየ ብሎ ቻርልስ ዳ ሲልቫን አሰረው። የመጀመሪያው ንጉሥ ካበደረው በኋላ ከእስር አላዳነውም፤ ሁለተኛው ገንዘብ እየሰበሰበለት ሳለ ራሱ አሰረው።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚረዳን ይመስለኛል። ብድር እና ውለታ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን። ብድር ይጻፋል፣ ወለድ ይወልዳል፣ ይከፈላል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ባንባባልም ዕዳ የለብንም። ውለታ ግን ከሰውየው አይነጠልም። ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ አይቀደድም። ውለታ ያለበት ሰው የባለውለታውን ልጅ ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል። የጭንቅ ቀን ብድር፣ ማንም እምቢ ባለበት ቀን የተሰጠ ብድር፣ ቢከፈልም ባይከፈልም ውለታ ነው። የ1649ኙ አዋጅ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው፤ ውለታ የነበረውን ነገር ሰውየውን ከውስጡ አውጥቶ ብድር አደረገው። አበዳሪውስ የተቀበለው ለምንድን ነው? የሚገባውን ማንም ስላልሰጠው፣ የተሰጠውን ያዘ። በዚያ ቦታ ብሆን እኔም የማበድር ይመስለኛል፤ ውለታ ይሆናል ብዬ ሳይሆን፣ አንዲት ቀን ትገዛልኛለች ብዬ።

በዚህ ሁሉ መሐል ብድሩን እንደ ውለታ የቆጠረ ሰው ካለ ያ ባለ ጥፍጥፍ ቀሚሱ ነው። ቪየራን ራሱን ኢንኩዊዚሽን ከሰሰው፤ ከ1665 እስከ 1667 ኮይምብራ ከተማ አሰረው። ተፈትቶ በ1669 ሮም ገባ። እዚያ የተከራከረው ስለ መርከብና ስለ ስኳር አልነበረም፤ የምስክሩ ስም ስለሚደበቅበትና ተከሳሹ ክሱን ስለማያውቅበት ስለ ችሎቱ አሠራር ነበር። ተከራካሪው እሱ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ክርስቲያኖቹም እንደራሴ ልከው ነበር። በ1674 ጳጳስ ክሌመንት አሥረኛ የፖርቱጋልን ኢንኩዊዚሽን ሥራ አገደ። እገዳው እስከ 1681 ቆየ።